ብቻሽን ዓለምን ልትዞሪ ነው? የደህንነት ዕቅድሽን እንዲህ አውጪ

ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት አንድ ጥያቄ መልሺ፦ ድምፄ ቢጠፋ ማን ያውቃል? በስንት ሰዓት ውስጥ? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

1. ተጠሪ ምረጪ

ስልክ ቶሎ የሚያነሳና በትንሹ የማይደነግጥ ሰው ይሁን። የፓስፖርትሽንና የቪዛሽን ቅጂ፣ የበረራ ቁጥርሽን፣ የማደሪያሽን አድራሻ፣ የጉዞ ኢንሹራንስሽን ቁጥርና በምትሄጂበት አገር ያለውን የኤምባሲሽን ስልክ ስጪው።

ከዚያ በየቀኑ መልእክት የምትልኪበትን ሰዓት ቁረጡ። በየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነም ተነጋገሩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መልእክቱ ቢቀርስ? ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደውልልሽ። ካላነሳሽ ማደሪያሽ ጋ ይደውል። እነሱም ካላዩሽ ወደ ኤምባሲው። ይህን ቅደም ተከተል በጽሑፍ አስቀምጡት፤ ሰው ሲጨነቅ ማሰብ ይከብደዋል።

ሰው አጠገብሽ ቆሞ እየሰማሽ እርዳታ መጠየቅ ሊኖርብሽ ይችላል። ለዚያ የሚሆን ተራ ዓረፍተ ነገር ይኑራችሁ። ድመት ከሌለሽ «ድመቷን አደራ» ማለት ይበቃል። ተጠሪሽ ሲሰማ ጥያቄ ሳያበዛ የት እንዳለሽ ያጣራል።

2. የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት አዘጋጂ

ደክሞሽ፣ ሻንጣ ይዘሽ፣ አገሩን ሳታውቂ የምትቆዪበት ሰዓት ነው። ከተቻለ በቀን የሚደርስ በረራ ያዢ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ማደሪያ አስቀድመሽ ያዢ፣ ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ስልክሽ ላይ አውርጂ። ዋትስአፕ ያለሽበትን ቦታ እስከ 8 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ለተጠሪሽ በቀጥታ ያሳያል፤ ታክሲ ከመግባትሽ በፊት ክፈቺው። በአፕ የጠራሽው መኪና ሲመጣ ታርጋውን አመሳክሪ። ስምሽን አትንገሪው፤ «ማንን ልትወስድ ነው የመጣኸው?» ብለሽ ጠይቂው።

3. ክፍልሽን ፈትሺ

እንግዳ ተቀባዩ የክፍል ቁጥርሽን ጮክ ብሎ ከተናገረ ሌላ ክፍል ጠይቂ፣ ቁጥሩን ጽፎ ይስጥሽ። ይሉኝታ አይያዝሽ። ከውስጥ በበሩ ሥር የሚሸጎጥ ትንሽ የጎማ ሽብልቅ ይዘሽ ሂጂ፤ ቀላል ነው፣ ቁልፍ ያለው ሰው እንኳ በቀላሉ አይከፍተውም።

4. ወረቀትና ሕግ

ብዙ አገሮች ፓስፖርት ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። መድኃኒትሽንም አጣሪ፤ ለምሳሌ ኮዴይን የተባለ የሕመምና የሳል ማስታገሻ ያለበትን መድኃኒት ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል። የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩን በቃልሽ ያዢ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ 112 ነው።

5. ክፉ ቢደርስስ?

ማንም ሊጽፈው አይወድም፤ ግን ዕቅድሽ ውስጥ ይግባ። አስገድዶ መድፈር ቢደርስብሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። መጀመሪያ ከአደጋው ራቂ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ሂጂ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይረዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ እሱም ባይዘገይ ይሻላል። የለበስሽውን ልብስ ሳታጥቢ በወረቀት ከረጢት አስቀምጪ።

ከጋብቻ ውጪ የሚደረግ ግንኙነት በሕግ የሚያስቀጣባቸው አገሮች አሉ። እንዲህ ያለ አገር ከሆንሽ ፖሊስ ጋ ከመሄድሽ በፊት ኤምባሲሽን አማክሪ። ሕክምናው ግን ይህን አይጠብቅም።