አዲስ የመጣ ስደተኛ ጎረቤት ካላችሁ ከየት ትጀምራላችሁ

እኛ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የኛ ብሎክ ላይ ከሱዳን የመጡ ሁለት ቤተሰቦች አሉ፣ ከጀርባችን ደግሞ ኤርትራውያን ተከራይተው ይኖራሉ። ሱዳን ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ በጣም በዙ። ሰፈሩ ደግ ነው፣ እንጀራም ብርድ ልብስም ሲሰጥ አይቻለሁ ተባረኩ፣ ግን እኔ እንዳየሁት እነዚህን ሰዎች በጣም የሚያንከራትታቸው የት ሄደው ማንን ምን ብለው እንደሚጠይቁ አለማወቃቸው ነው፣ እና እዛ ላይ አንድ ቀን አብሯቸው የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት። ተመዝግበዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሚመዘግበው መንግሥት ነው፣ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ይባላል፣ ሰው ግን እስከዛሬ በድሮ ስሙ አራ ነው የሚለው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ዩኤንኤችሲአር አብሮ ይሠራል እንጂ ስደተኛ ነው አይደለም ብሎ የሚወስነው የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ነው። አዋጅ 1110/2011 አገር ውስጥ የገባ ሰው በ30 ቀን ውስጥ እዛ መሥሪያ ቤት ወይ ቅርቡ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያመልክት ይላል። ቀኑ ያለፈባቸው ብዙ ጊዜ ፈርተው ቤት ይደበቃሉ፣ ይሄ ነገሩን ያብሰዋል፣ ሄደው ለምን እንደዘገዩ ይናገሩ። በመተማ ወይ በኩርሙክ ገብቶ እዛ የተመዘገበ ካለ ደግሞ አዲስ አበባ እንዳዲስ ሊመዘገብ አይሞክር፣ በፊት የተሰጠውን ወረቀት ይዞ ነው መጠየቅ ያለበት፣ ሁለት ቦታ መመዝገብ ጣጣ ነው። ኤርትራውያን ኦሲፒ ሲሉ ከሰማችሁ ከካምፕ ውጭ ለመኖር የሚሰጠውን ፈቃድ ማለታቸው ነው። አሁን ደግሞ ለስደተኞችም ፋይዳ ቁጥር ያለበት መታወቂያ መስጠት ተጀምሯል፣ እሱ ካለ ሲም ካርድ ማውጣትም ባንክ አካውንት መክፈትም ይቀላል።

ቀጠሮ ላይ አደራ! የኛ ሰዓት ለነሱ ሌላ ነው። ጎረቤቴን ቀጠሮሽ ሰኞ ሦስት ሰዓት ነው አልኳት፣ እሷ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት መስሏት በኛ ዘጠኝ ሰዓት ሄደች፣ ቀጠሮው አለፈ፣ ሌላ ቀጠሮ እስኪሰጣት ወር ከምናምን ጠበቀች፣ እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ከዛ ወዲህ ሰዓቱንም ቀኑንም በኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ወረቀት ላይ እጽፍላታለሁ። የልደት ቀን ሲሞላም እንደዛው፣ የሰባት የስምንት ዓመት ልዩነት አንዴ ፎርም ላይ ተሳስቶ ከገባ ማስተካከሉ ሌላ ፈተና ነው።

አስተርጓሚ ሩቅ አትፈልጉ። በየሰፈሩ ቤሩት ሳዑዲ ዱባይ ሠርተው የተመለሱ እህቶች አሉ አረብኛ አሳምረው የሚናገሩ፣ እኛ ብሎክ ሱቅ ያላት ልጅ ናት ለሁላቸውም የምታስተረጉመው። ልጆችን ግን አስተርጓሚ አታድርጓቸው በተለይ ሐኪም ቤት፣ እናት ልጇ ፊት የማትናገረው ብዙ ነገር አለ።

ቤት ኪራይ ላይ የሚደርስባቸው ያሳዝናል። ስደተኛ ነው ከተባለ ዘመድ ዶላር ይልክለታል ተብሎ ዋጋ ይጨመርበታል፣ የስድስት ወር ቅድሚያ አምጡ የተባሉም አውቃለሁ። የቤት ኪራይ አዋጁ 1320/2016 ግን ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ አይጠየቅም ይላል፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ከ2 ዓመት አያንስም። ይሄን ተከራዩ ብቻውን ቢለው ማንም አይሰማውም፣ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ወይ የኮሚቴ ሰው አጠገቡ ሲቆም አከራዩም ይለዝባል። ክፍያው በባንክ ወይ በቴሌብር ይሁን፣ ደረሰኙ ይቀመጥ።

ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ስደተኛ ልጅ እንደኛ ልጆች የመማር መብት አለው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ዩኒፎርምም ምገባም ስላለ ለነሱ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን አንድ ትምህርት ቤት ጎረቤቴን የካርቱም ሰርተፊኬት ካላመጣሽ ብሎ ሦስት ጊዜ መልሷታል፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ከየት ያመጣል? እንዲህ ሲሆን እዛው አትከራከሩ፣ የስደተኛ ወረቀቷን ይዛችሁ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ልጁ ተፈትኖ በሚመጥነው ክፍል እንዲገባ ጠይቁ፣ የሷ ልጅ በዚህ ነው የገባው። ብቻ መስከረም ሳይጠባ ሂዱ።

ጤና ጣቢያ ክትባትና ወሊድ በነፃ ነው፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907፣ ቁጥሩን ስልካቸው ላይ መዝግቡላቸው። እዚህ የተወለደ ልጅ የልደት ምዝገባ ይደረግለታል፣ ለስደተኞች ከ2010 ጀምሮ ተፈቅዷል፣ አያስተላልፉት። መንገድ ላይ ቤተሰብ ለጠፋበት ሰው ቀይ መስቀል የማፈላለግ አገልግሎት አለው በነፃ ነው፣ ይሄን ብዙዎቹ አያውቁትም። እንግሊዝኛና ኮምፒውተር ለመማር፣ ለምክር አገልግሎትም የጀስዊት የስደተኞች አገልግሎት አዲስ አበባ ውስጥ ማዕከል አለው፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም ከተማ ላለ ስደተኛ ይሠራል።

አሁን በጣም የሚያናድደኝ ደላላው ነው። ፕሮሰስህን አፋጥናለሁ፣ ካናዳ አስገባሃለሁ፣ ዩኤን ውስጥ ሰው አለኝ እያለ ካፌ ተቀምጦ የሰው ወርቅና የእህት የወንድም ሃዋላ ይበላል። መመዝገብ፣ መታወቂያ፣ ሪሴትልመንት የሚባለው፣ ስደተኛን ወደ ሌላ አገር ወስዶ ማስፈሩም አይሸጥም፣ ዩኤንኤችሲአርም አጋሮቹም አንድ ብር አያስከፍሉም። አሜሪካ ጥር 2017 የስደተኞች ቅበላዋን ስታቆም ተስፋ የቆረጠው ስለበዛ ደላላውም በዛ። ገንዘብ የጠየቀ ሰው ካለ ስሙን፣ ስልኩን፣ የባንክ ቁጥሩን ይያዙ እና ዩኤንኤችሲአር ወይ ፖሊስ ጋ ይጠቁሙ። መታወቂያቸውን ፎቶ አንስተው ለማንም በቴሌግራም እንዳይልኩ ደጋግማችሁ ንገሯቸው፣ እኔ ደጋግሜ ነግሬም የላከች አለች።

የመጨረሻው እድር ነው። ባለፈው ዓመት ከጀርባችን አንድ ኤርትራዊ አባት ሲያርፉ ድንኳን የሚተክል አልነበረም፣ አባል አይደሉም ተባለ፣ ልጆቹ ሬሳ ይዘው ግራ ገብቷቸው ቆሙ፣ በኋላ ወጣቶቹ ናቸው ወንበርና ሸራ ከየቤቱ የሰበሰቡት። ከዛ በኋላ ባለው ስብሰባ አነሳነውና መግቢያውን በየወሩ እየከፈሉ እንዲጨርሱት፣ ስደተኛም መታወቂያውን አሳይቶ እንዲመዘገብ ተወሰነ። አሁን ስድስት ቤት ገብቷል። የናንተም እድር ሲሰበሰብ አንሱት፣ ጸሐፊው ጋ ሄዳችሁ ደንቡ ላይ ምን እንደተጻፈ ቀድማችሁ አንብቡ፣ እኛ ጋ ነዋሪ ነው የሚለው እንጂ ዜጋ አይልም ነበር።