ቼክቦክስ ሲያስቸግር፦ ለጅማ የቡና መጠይቅ አዘጋጆች

ጅማ ላይ ስለ ቡና መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ቀን «ቡናዎን በምን መልክ ይሸጣሉ?» የሚል ጥያቄ መጻፉ አይቀርም። እሸት፣ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ)፣ የተፈለፈለ። አንድ ገበሬ ከአንድ በላይ በሆነ መልክ ሊሸጥ ስለሚችል ቼክቦክስ (ከአንድ በላይ የሚመረጥበት ሳጥን) መሆኑ ልክ ነው። ጣጣው የሚመጣው መልሱ ሲሰበሰብ ነው፤ የሚያጋጥሙትን ቅሬታዎች ከነመፍትሔያቸው እንያቸው።

«ፐርሰንቱ ሲደመር ከ100 በለጠ»

ምንም አልተበላሸም። ከ40 ገበሬ 30ው እሸት፣ 22ቱ ጀንፈል ካሉ 75 እና 55 በመቶ ይወጣል፤ ሁለቱንም የመረጠ ሁለቱም ጋ ይቆጠራላ! ጎግል ፎርም (የጎግል የኦንላይን መጠይቅ መሥሪያ) ለቼክቦክስ ፓይ ቻርት ትቶ ባር ቻርት የሚያወጣውም በዚህ ነው። ሠንጠረዡ ሥር «ከአንድ በላይ መምረጥ ይቻላል» ብላችሁ ጻፉ። የጥናት አማካሪ ተቆጣ ተብሎ ቁጥሩን 100 እንዲሞላ መጠምዘዝ ግን ነውር ነው።

«ሺቱ ላይ አማራጩ ተቆራርጧል፣ ቆጠራውም አይገጥምም»

ከሁሉም የሚያደክመው ይሄኛው ነው። ጎግል ፎርም መልሶቹ በሚቀመጡበት ሠንጠረዥ (ሺት) ላይ አንድ ሰው የመረጣቸውን ሁሉ አንድ ሴል ውስጥ በእንግሊዝኛው ኮማ እየለየ ይከታቸዋል። አማራጩ ራሱ «የታጠበ, ደረጃ የወጣለት» ተብሎ ከተጻፈ፣ በኮማ ስትከፍሉት አንዱ ሁለት ይሆናል። አማራጭ ስትጽፉ የራሳችንን ነጠላ ሰረዝ (፣) ተጠቀሙ፤ ሺቱ እሱን እንደ መለያ አያየውም።

የወረዳ ጥያቄ ላይ «ሊሙ» የሚለውን ብቻ ፈልጋችሁ ከቆጠራችሁ ሊሙ ኮሳም ሊሙ ሰቃም አብረው ይገባሉ፤ ሙሉ ስሙን ፈልጉ። ፎርሙ ላይ «ፀሐይ ላይ የደረቀ» ብላችሁ ሺቱ ላይ በምትቆጥሩበት ፎርሙላ ውስጥ «ጸሀይ» ከጻፋችሁ ደግሞ ውጤቱ ዜሮ ነው። ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ቃል። ስለዚህ ከፎርሙ ኮፒ አድርጉ እንጂ እንደገና አትተይቡ። ሥራ ከተጀመረ በኋላ የአማራጭ አጻጻፍ ካስተካከላችሁም የቀድሞዎቹ መልሶች በድሮው አጻጻፍ ይቀራሉ፤ ሺቱ ላይ እነሱንም ቀይሯቸው።

«ማዳበሪያ አልጠቀምም ብሎ ኮምፖስትም መርጧል»

የመረጃ ሰብሳቢው ጣት ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። ገበሬው ማዳበሪያ ሲባል ከሱቅ የሚገዛው ብቻ መስሎትም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጥፋቱ የጥያቄው ነው፣ በቅንብር አይድንም። ጎግል ፎርም ቢያንስ፣ ቢበዛ ወይም ልክ ይህን ያህል ይመረጥ ብሎ መገደብ ይችላል። አንዱ አማራጭ ሌሎቹን እንዲዘጋ ማድረግ ግን አይችልም። ስለዚህ ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት፦ መጀመሪያ በመልቲፕል ቾይስ (አንድ መልስ ብቻ በሚመረጥበት) «ይጠቀማሉ?»፣ አዎ ላለ ብቻ የዓይነቶቹን ዝርዝር የያዘ ሴክሽን (የፎርሙ ክፍል)። በመልስ ወደ ሌላ ሴክሽን መላክ ቼክቦክስ ላይ የለም፤ በከንቱ አትፈልጉት። ኮቦ (KoboToolbox፣ የመስክ መረጃ መሰብሰቢያ) የምትጠቀሙ ከሆነ «ምንም» ተመርጦ የተመረጡት ብዛት ከ1 ከበለጠ አትቀበል የሚል ገደብ መጻፍ ይቻላል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌም ይሠራል፤ ለመስክ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

«የማይስማማ ሰው መውጫ አጣ»

«በጥናቱ ለመሳተፍ ተስማምቻለሁ» የሚል አንድ ሳጥን የግድ ይሞላ ተብሎ ከሆነ፣ እምቢ ያለው ሰው መልስ መላክ አይችልም፤ ስንት ሰው እምቢ እንዳለም አታውቁም። ይህንንም በመልቲፕል ቾይስ አድርጉትና «አልስማማም» ያለውን በቀጥታ ወደ መላኪያው ውሰዱት። ቀድሞ የተሞላ ሊንክ የምትልኩ ከሆነ ፈቃዱን ባዶ ተዉት፤ በሌላ ሰው እጅ የተመረጠ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም።

የራሳችሁን ድረ ገጽ ለምትሠሩ

ምልክት ያልተደረገበት ሳጥን ወደ ሰርቨር ምንም አይልክም፤ አለመምጣቱን «አይ» ብሎ መቁጠር የሰርቨሩ ሥራ ነው። በፒኤችፒ የመጨረሻው ምርጫ ብቻ ከተቀመጠ፣ ከሳጥኖቹ የጋራ ስም ኋላ [] ጨምሩ። ብሮውዘሩ ሁሉም ካልተመረጠ አላልፍም ካለ፣ «የግድ» (required) የሚለውን በየሳጥኑ ላይ አድርጋችኋል ማለት ነው። ኤችቲኤምኤል ለቡድን «ቢያንስ አንድ» የሚል ትእዛዝ የለውም፤ በጃቫስክሪፕት ቁጠሩ፣ ሰርቨሩም ላይ ድገሙት።