የጭጋግ መብራት በመኪና ላይ እንዴት ይገጠማል? ከባትሪው እስከ አምፖሉ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተመላለሰ ሾፌር ጣርማበር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ምን እንደሚያጋጥም ያውቃል። ረጅሙን መብራት ሲያበራ ብርሃኑ ከውሃው ብናኝ ላይ ነጥሮ ወደ ራሱ ዓይን ይመለስበታል፤ መንገዱም ጭራሹን ይጠፋል። የጭጋግ መብራት ዝቅ ተደርጎ የሚገጠመው፣ ብርሃኑም ጠፍጣፋና ሰፊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሥር ሾልኮ የአስፋልቱን ጠርዝ ያሳያል።

መብራቱን ከሶማሌ ተራ ገዝቶ በቡሎን ማሰር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሽቦው ነው፤ ብዙ ጊዜ በግድየለሽነት የሚሠራውም እሱ ነው። ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ልጦ መቀጠል የተለመደ ሆኗል። ያ ሽቦ የተሠራው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ለነበሩት አምፖሎች ብቻ ነው፤ ሌላ ሁለት አምፖል ሲጫንበት ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ መጨረሻውም እሳት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ለአዲሱ መብራት የራሱን መስመር ከባትሪው ማውጣት፣ በፊውዝ መጠበቅ፣ በሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን መስመር በሚያበራና በሚያጠፋ መሣሪያ) ማብራት ነው። ይህን የቻለ ሰው ተጨማሪ ክላክስም ሆነ የጎማ መንፊያ በዚሁ መንገድ መግጠም ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት አስሉ

ሁለት ባለ 55 ዋት ሃሎጅን አምፖሎች በአንድነት 110 ዋት ይወስዳሉ። ይህን ለ12 ቮልት ስናካፍለው ከ9 አምፔር ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ (ሰማያዊው ነው)፣ ባለ 30 ወይም 40 አምፔር ሪሌ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ሽቦ ያስፈልጋል። መብራቱ ኤልኢዲ ከሆነ ዋቱ ያነሰ ነው፤ በዚያው ስሌት ፊውዙን ዝቅ አድርጉ።

ሽቦ ሲቀጥን መብራት ይደክማል። ሃሎጅን አምፖል የሚደርሰው ቮልቴጅ 5 በመቶ ቢቀንስበት ብርሃኑ 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሽቦ ላይ መቆጠብ የገዙትን መብራት መጣል ነው። ለቤት መስመር የሚዘረጋውን ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ መኪና ላይ አትጠቀሙ፤ ከሞተሩ ንዝረት የተነሳ ውስጥ ውስጡን ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት መሆን አለበት። ሻጩ ፊት አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና መልሱለት።

ከዚህ ሌላ መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ)፣ የሽቦ መጭመቂያ ፒንሳ፣ የሽቦ ጫፎች፣ በሙቀት የሚጨማደድ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ማብሪያና የገመድ ማሰሪያ ያዙ። ናስትሮ ለመጠቅለያ ይሆናል እንጂ ለመቀጠያ አይታመንም፤ ከሞተሩ ሙቀት ሙጫው ይለቃል።

ሥራው ሲጀመር

ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን አውጡ፣ ከዚያ በባትሪው ላይ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው በእጃችሁ ያለው መፍቻ ነው፤ ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው የመኪናውን አካል ቢነካ ኔጋቲቩ ካልተፈታ ብልጭታ ይነሳል። ስትመልሱ ኔጋቲቩ የመጨረሻው ይሁን።

መብራቶቹን ከፊት መብራቱ ዝቅ አድርጋችሁ በብረት ላይ እሰሩ። ፕላስቲክ ላይ ብቻ የታሰረ መብራት በጥርጊያ መንገድ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚወጣው ሽቦ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳይርቅ ፊውዙን ያግኝ። ብዙ ሰው ፊውዝ መብራቱን የሚጠብቅ ስለሚመስለው መብራቱ አጠገብ ያደርገዋል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ርቀት ጠባቂ የለውም፤ እዚያ መሃል ሽቦው ተፍቆ ሻሲውን ከነካ ባትሪው ያለውን ኃይል ሁሉ በዚያች ሽቦ ላይ ይለቅባታል። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ይህንኑ አደጋ በገዛ እጅ መጋበዝ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት፣ ሲደረግ ካያችሁም አስቁሙ። ፊውዝ ሲቃጠል አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነውና ምክንያቱን ፈልጉ።

ቀጥሎ ሪሌው ነው። ከሥሩ አራት እግሮች አሉት፤ አጠገባቸው ቁጥር ተጽፏል። 30 ላይ ከፊውዙ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ይገባል። ከ87 ወደ ሁለቱ መብራቶች ፖዘቲቭ ይወጣል። 85 ከመኪናው አካል ጋር ይገናኛል፤ 86 ደግሞ ከማብሪያው ይመጣል። በ85 እና በ86 መካከል ያለው ጥምጥም የሚወስደው ከሩብ አምፔር ያነሰ ስለሆነ ከማብሪያው የሚመጣው ሽቦ ቀጭን ቢሆን አይጎዳም። ሪሌያችሁ 87ኤ የሚል አምስተኛ እግር ካለው ባዶውን ተዉት፤ እሱ ኃይል የሚያገኘው ሪሌው ሲጠፋ ነው። ውሃ እንዳይጠራቀምበት እግሮቹን ወደ ታች አድርጋችሁ እሰሩት።

ማብሪያው ኃይሉን ከየት ይውሰድ? የእኔ ምርጫ የትናንሾቹ መብራቶች (የፓርኪንግ) ፊውዝ ነው። እነሱን ስታጠፉ የጭጋግ መብራቱም አብሮ ይጠፋል፤ ባትሪውም ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ አያድርም። ለማግኘት ባትሪውን ለጊዜው መልሳችሁ መልቲሜትሩን በፊውዞቹ ላይ አድርጉ፤ ትናንሾቹ መብራቶች ሲበሩ 12 ቮልት፣ ሲጠፉ ዜሮ የሚያሳየው እሱ ነው። የማብሪያውን መስመር ከዚያ ለመውሰድ ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም፤ በፊውዙ ቦታ የሚሰካ መቀጠያ ይሸጣል፣ የራሱንም ትንሽ ፊውዝ ይይዛል። ከፊት መብራቱ ሽቦ ለመውሰድ ግን አትሞክሩ። በብዙ የድሮ ላንድክሩዘሮችና ሃይሉክሶች የፊት መብራት የሚበራውና የሚጠፋው በኔጋቲቩ በኩል ስለሆነ፣ ፖዘቲቩ ማብሪያው ጠፍቶም ኃይል አለው፤ ግራ ያጋባችኋል።

ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ ለመግባት አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት ፋብሪካው ሽቦ ያሳለፈበትን የጎማ ቀለበት ፈልጋችሁ በዚያ አሳልፉ። ያለ ጎማ በብረት ቀዳዳ ያለፈ ሽቦ ቀስ በቀስ ይታረዳል። ከጭስ ማውጫው፣ ከመሪው ዘንግና ከፔዳሎቹ አርቁት። በዳሽቦርዱ ሥር ቢጫ ሽፋን ወይም ቢጫ ሶኬት ያላቸውን ሽቦዎች ካያችሁ አትንኩ፣ በመልቲሜትርም አትለኩ፤ የኤርባግ መስመሮች ናቸው።

ለኔጋቲቩ የመብራቱ ማሰሪያ አጠገብ የሻሲውን ቀለም እስኪያበራ ፍቁ፣ ባለ ቀለበት የሽቦ ጫፍ በቡሎን አጥብቁ፣ ከላይ ቅባት ቀቡት። የሚያበራና የሚያጠፋ፣ ወይም ደብዝዞ የሚበራ መብራት ስታዩ መጀመሪያ የምትመረምሩት ይህችን ቦታ ነው።

መኪናችሁ የኤሌክትሪክ ከሆነም ተጨማሪ መብራት የሚቀጠለው በውስጡ ካለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በአዲስ አበባ በርክተዋልና አንድ ነገር ይታወቅ፦ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ሽቦ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማል፣ ይገድላል። አጠገቡ ማለፍ ካስፈለጋችሁ ሥራውን ለሠለጠነ ባለሙያ ተዉት።

መፈተሽ

ፊውዙን ሳትከቱ ባትሪውን መልሱ፤ መጨረሻ ላይ ፊውዙን ክተቱ። ሞተሩን አስነሱና መብራቱን ሩብ ሰዓት ያህል አብርታችሁ ተዉት። ከዚያ ሽቦውን፣ የፊውዙን መያዣና ሪሌውን በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ማለት ጤና ነው፤ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ወይ ሽቦው ቀጥኗል ወይ አንዱ መጋጠሚያ ላልቷል። ቀጥሎ ቮልቴጁን ባትሪው ላይና አምፖሉ ላይ ለኩ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም።

የቀረው አቅጣጫውን ማስተካከል ነው። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 7.5 ሜትር ያህል አርቃችሁ አቁሙ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ግድግዳውን እስኪመታ ድረስ አጎንብሱት፣ ቡሎኑን አጥብቁ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት አጥፉት፤ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።