«ራሱ ወደ ግራ ዞረ» ማለት ብቻውን አይበቃም

በሚጥል በሽታ ታካሚ ካርድ ላይ «ወደቀ፣ ተንፈራገጠ፣ አረፋ ደፈቀ» የሚል ብቻ ሳነብ ጸሐፊውን ፈልጌ መቆጣት ያምረኛል። ይህ የሕመሙ ማብቂያ እንጂ መጀመሪያው አይደለም። መላ ሰውነት ሲንዘፈዘፍ የሕመሙ የኤሌክትሪክ ሞገድ ሁለቱንም የአንጎል ወገኖች አዳርሷል፤ መነሻውን ለማወቅ ያኔ ረፍዷል። የሚናገሩት የመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ናቸው። ከሆድ ወደ ጉሮሮ ሽቅብ የሚወጣ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቴምፖራል ሎብ (በጆሮ በኩል ወዳለው የአንጎል ክፍል) ይመራል፤ ባለ ቀለም ክብ ብልጭታ ወደ ኦክሲፒታል (ወደ ኋለኛው የአንጎል ክፍል)፤ ከአውራ ጣት ተነስቶ ክንድን ተከትሎ የሚወጣ መንቀጥቀጥ ወደ ተቃራኒው ወገን ሞተር ኮርቴክስ (እንቅስቃሴን ወደሚያዝዘው የአንጎል ክፍል)። ታካሚው ግን ሳይጠየቅ አይነግራችሁም፤ ለዚያ ስሜት የጨጓራ መድኃኒት ሲወስድ የኖረ ሰው አጋጥሞኛል።

የራስ መዞርን እኔም ተሳስቼበታለሁ። አንዲት እናት የልጃቸው ራስ ወደ ግራ እንደሚዞር ነገሩኝ፤ ራስ የሚዞረው ከመነሻው ወደ ተቃራኒው ወገን ነው በሚል «መነሻው ቀኝ ነው» ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍሁ። በኋላ በቪዲዮ ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከምስል ጋር በሚቀርጽ ምርመራ) ስናየው ልጁ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ። ግራ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል፤ ቀኝ እጁ ተጣሞ ደርቋል። ሊንዘፈዘፍ ሲል ግን ራሱ አገጩን ሽቅብ እያነሳ በኃይል ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ። መነሻው ግራ ቴምፖራል ነበር። የመጀመሪያው ለስላሳ መዞር ብዙ ጊዜ ወደ መነሻው ወገን ነው፤ ከመንዘፍዘፍ በፊት የሚመጣው አስገዳጅ መጠምዘዝ ወደ ተቃራኒው። እናትዮዋ አልተሳሳቱም፤ «መቼ?» ብዬ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ራሱን የሳተ ሰው ለጥቂት ሴኮንዶች ስለተንቀጠቀጠ ብቻ የሚጥል በሽታ አለበት አትበሉ።

ከእንቅልፉ ተነስቶ የሚጮኸውንና እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ የሚያወራጨውን «ያስመስላል» ብሎ ማሰናበት ግን ያሳዝነኛል። ከፍሮንታል ሎብ (ከፊተኛው የአንጎል ክፍል) የሚነሳ ሕመም እንዲህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ይቆያል፣ ታካሚው ቶሎ ይነቃል፣ ከራስ ቅል ላይ የሚወሰድ ኢኢጂም ምንም ላያሳይ ይችላል። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መልክ መደጋገሙን ተመልከቱ።

ምልክቱ የታየበት ቦታ ሕመሙ የተነሳበት ቦታ ላይሆን እንደሚችልም አትርሱ፤ ዝም ካለ፣ ምልክት ከማያሳይ የአንጎል ክፍል ተነስቶ ቴምፖራል ሲደርስ ብቻ የሚናገር ሞገድ አለ።

ቤተሰብ በስልክ እንዲቀርጽ ስትጠይቁም ብርድ ልብሱ ይገለጥ፤ ፊቱ ብቻ ሳይሆን ሁለቱም እጆች ይታዩ።