ቅልጥሜን እየተመላለሰ ያመመኝ ነገር እንዴት ለቀቀኝ

ሦስት ጊዜ ተመላለሰብኝ። ሁለት ሳምንት አርፋለሁ፣ ይሻለኛል፣ ሩጫ ስጀምር ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ሕመሙ በቅልጥሜ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ነበር፤ ሰውነቴ ሲሞቅ ይጠፋል። በሦስተኛው ጊዜ ግን ተለወጠ። በአንድ ጣት ጫፍ የምነካት አንዲት ቦታ ብቻ ታመመች። ሌሊትም ትጠዘጥዘኝ ጀመር። ይሄ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፤ እባካችሁ አትናቁት።

ራጅ ተነሳሁ፤ ምንም አላሳየም። ደስ ብሎኝ ልሮጥ ነበር። የአጥንት ስንጥቅ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ በራጅ አይታይም። የእኔን ስንጥቅ ያወጣው ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) ነው።

ለ8 ሳምንት ሩጫ አቆምኩ። ስራመድ ማመሙን ሲተወኝ ዋናና ብስክሌት ጀመርኩ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ቀን እየዘለልኩ።

ዕረፍት ብቻውን ግን አይበቃም፤ እሱንማ ቀድሞም ሞክሬዋለሁ። የልምምድ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ፣ ሦስቱንም ጊዜ ርቀትና ፍጥነት አንድ ላይ ጨምሬ ነበር። አጥንት ከትንፋሽ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። ምግብም ቀንሼ ነበር። በቂ ምግብ ያላገኘ ሰውነት አጥንቱን በደንብ አይጠግንም። አሁን በደንብ እበላለሁ። የባት ጡንቻዬን በሳምንት 3 ቀን አሠራለሁ። ስሮጥም እርምጃዬን አሳጥሬ ቁጥሩን በደቂቃ ከ160 ወደ 170 አድርሼዋለሁ፤ ይሄ ቅልጥም ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል።

ሕመሙ ከፊት ለፊት፣ በአጥንቱ መሃል ከሆነ ግን በራሳችሁ አትሞክሩት። እዚያ ያለ ስንጥቅ ለመዳን ያስቸግራል፤ ቶሎ ሐኪም ይየው።