የመኪና ቀለም ጥንካሬና ጭረት የማይተው አስተጣጠብ

ጥቁር መኪና ፀሐይ ሲያገኘው ነጸብራቁን ከቦ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት አብዛኛውን ጊዜ የመንገድ ሳይሆን የእጥበት ውጤት ነው። ነጭ መኪናም ከዚህ አያመልጥም፤ ጭረቱ አይታይበትም እንጂ አለ። መስመሮቹ በእርግጥ ክብ አይደሉም፤ በየአቅጣጫው የተሰመሩ ናቸው። ከነሱ መካከል ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልሱት በብርሃኑ ፊት አግድም የተጋደሙት ብቻ ስለሆኑ ዙሪያውን የከበቡት ይመስላል። ስለዚህ እጅን ክብ ክብ አለማዞር ብቻውን ከጭረት አያድንም። ቀጥ አድርጎ ማሸት የሚጠቅመው የተፈጠረው ጭረት ከጥቂት አቅጣጫ ብቻ እንዲታይ ስለሚያደርግ ነው።

ፋብሪካ የቀባው ቀለም ብረቱ ላይ ፀረ ዝገት ሽፋን፣ ቀጥሎ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት)፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ቀለም አልባው ክሊር አለው። የሁሉም ውፍረት ተደምሮ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ክሊሩ ከዚህ ውስጥ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ይይዛል። 1,000 ማይክሮን 1 ሚሊ ሜትር ነው። የእጥበት ጭረት ክሊሩ ውስጥ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ስለሚገባ በጥፍር አይዳሰስም። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካገኛችሁ ክሊሩን በደቃቁ በሚፍቅ ቅባት (ፖሊሽ) ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት አትሞክሩ፤ ክሊሩን ታሳሱታላችሁ።

የጀርመን መኪና ክሊር ጠንካራ፣ የጃፓን ለስላሳ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ለመነሻ ግምት ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ግን አትመኑት። የአንድ አምራች መኪናዎች እንኳ እንደ ፋብሪካው፣ እንደ ቀለሙና እንደ ምርት ዘመኑ ይለያያሉ። መርሴዲስ ቤንዝ ከ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ጥቃቅን የሴራሚክ ቅንጣት ያለበት ክሊር ሲያስገባ፣ ኒሳን በ2005 እ.ኤ.አ. ተቃራኒውን መንገድ ይዞ የሚለጠጥና ከተጫረ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው የሚመለስ ክሊር አስተዋወቀ። ለስላሳ ሁሉ ደካማ አይደለም ማለት ነው። እንደገና የተቀባ አካል ደግሞ ለብቻው ይታያል። ፋብሪካ ባዶውን አካል ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ሲያስገባው፣ ጋራዥ ፕላስቲክና ሽቦ ያለውን መኪና ከ60 ዲግሪ እምብዛም አያሳልፈውም። በዚህ ምክንያት አንድ በር ከጎኑ ካለው ፓራፋንጎ ለስላሳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ አዲስ ቀለም ላይም የቀለሙ አምራች የፈቀደው ጊዜ ሳያልፍ ሰም አይቀባም።

ክሊሩን ለመጠበቅ በላዩ የሚቀባው የሴራሚክ ሽፋን ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው 9ኤች በእርሳስ ጭረት የሚለካ የጥንካሬ ደረጃ ነው፤ የማዕድን ጥንካሬ ከሚለካበት የሞዝ መለኪያ ጋር አይገናኝም። አቧራና አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሞዝ 7 ላይ ስለሚቀመጥ ጠንካራ የተባለውንም ክሊር ይጭራል። የጠንካራ ክሊር ጥቅም ትንሽ ስህተት መቻሉ ብቻ ነው፤ ለዚያውም አንዴ ከተጫረ በኋላ ለማጥፋት ብዙ ልፋት ይጠይቃል።

የእናንተን ክሊር ለመለየት

ታጥቦ በደረቀና በቀዘቀዘ ኮፈን ላይ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ቦታ በወረቀት ፕላስተር ከልሉ። እየተርገበገበ በሚዞር የፖሊሽ ማሽን ላይ ለስላሳ ስፖንጅ ግጠሙና በጣም ደቃቅ የሆነውን ፖሊሽ ቀብታችሁ 4 ጊዜ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት። ከዚያ ከ15 እስከ 25 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በለስላሳ ፎጣ ጥረጉት፤ ይህን ከዘለላችሁ የፖሊሹ ዘይት ጭረቱን ሞልቶ የጠፋ ያስመስለዋል። በእጅ ባትሪ ስታዩት ጭረቱ ከጠፋ ክሊሩ ለስላሳ ነው፤ ምንም ካልተለወጠ ጠንካራ ነው። ፎጣው ራሱ አዲስ መስመር ከተወበት በጣም ለስላሳ ነውና ከዚህ በታች ካለው አንዱንም አትዝለሉ።

እጥበቱ

መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሙ፤ ኮፈኑ እጅ ሲያርፍበት ቀዝቃዛ ይሁን። ትኩስ ብረት ላይ ሻምፑ ይደርቃል፤ የደረቀውን ለማስለቀቅ ማሸት ደግሞ አዲስ ጭረት ነው። ቸርኬና ጎማ በራሳቸው ባልዲና ብሩሽ መጀመሪያ ይታጠቡ። የፍሬን ብናኝ ብረት ስላለበት ያ ብሩሽ ቀለም አይነካም።

ጭረትን በዋናነት የሚከላከለው እጅ ከመንካቱ በፊት ያለው ሥራ ነው። ከላይ ወደታች በብዙ ውሃ አለቅልቁ፤ የግፊት ፓምፕ ከሆነ አፉን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁ። አረፋ ርጩና 5 ደቂቃ ያህል ሳይደርቅ ተዉት፤ ከዚያ እንደገና አለቅልቁ። በዚህ ጊዜ አብዛኛው አሸዋ ሳይታሸ ወርዷል። በደረቅ ጨርቅ ወይም በላባ መጥረጊያ «አቧራውን ብቻ» ማንሳት ግን ኳርትዙን ክሊሩ ላይ መጎተት ነው። ከሁሉም መጥፎ ልማድ ይህ ይብሳል፤ በየቀኑ ሲደረግ ደግሞ ጉዳቱ በፍጥነት ይታያል።

አሁን ሁለት ባልዲ፣ እያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ሊትር፣ ግርጌያቸው ላይ የፕላስቲክ ወንፊት። በአንዱ ፒኤች ገለልተኛ (አሲድም አልካሊም ያልሆነ) የመኪና ሻምፑ አምራቹ በጻፈው መጠን፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ። የልብስ ሳሙና ዱቄትና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሰሙን ያነሳሉ፤ እንደ ሻምፑ የሚያንሸራትት ባሕርይም የላቸውም። ስፖንጅ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋውን ከቀለሙ ጋር ያጣብቀዋል። ረጅም ጸጉር ያለው የማይክሮፋይበር (በጣም ቀጭን ሰው ሠራሽ ክር) ወይም የሱፍ ጓንት አሸዋውን ወደ ጸጉሩ ውስጥ ያስገባል።

ከጣሪያ ጀምሩ፤ ቀጥሎ መስታወት፣ ኮፈን፣ የበሮቹ የላይኛው ግማሽ። የበሮቹን ታች፣ ባምፐሩንና የኋላውን በር በመጨረሻ በሌላ ጓንት እጠቡ፤ ጭቃው ያለው እዚያ ነው። አትጫኑ፤ የጓንቱ ክብደት ብቻ ይበቃል። አንድ ክፍል ባለቀ ቁጥር ጓንቱን በንጹሑ ውሃ ወንፊቱ ላይ እያሻችሁ አጽዱት፣ ጨምቁት፣ ከዚያ ወደ ሻምፑው። የማይለቅ ነገር ካጋጠመ ደጋግማችሁ አትሹ፤ የወፍ ኩስ ላይ እርጥብ ፎጣ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉበት፣ ሬንጅ ላይ የሬንጅ ማስለቀቂያ አድርጉ።

ውሃ በማይበቃበት ቦታ ያለማለቅለቂያ የሚሠራ ፈሳሽ አለ፤ ብዙዎቹ በ10 ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀላቀላሉ። ፎጣ ለአራት ሲታጠፍ 8 ንጹሕ ፊት ይሰጣል፤ እያንዳንዱን ፊት ለአንድ ክፍል ተጠቅማችሁ ወደ ባልዲው ሳትመልሱ አስቀምጡት። በጭቃ የተሸፈነ መኪና ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሞከርም።

ማድረቅና የፎጣ አያያዝ

ጥንቃቄ የተሞላበት እጥበት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ሻምፑው ታጥቦ ስለሄደ የሚያንሸራትት ነገር የለም። መጨረሻ ላይ ጫፉ ክፍት በሆነ ቱቦ ውሃውን ዝቅ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ አብዛኛው እየተያያዘ ይወርዳል። ቀሪው ላይ የማድረቂያ ስፕሬይ በትንሹ ነፋ አድርጉና ትልቅ ወፍራም ማይክሮፋይበር ዘርግታችሁ ወደ ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። በጣም ለስላሳ ክሊር ላይ መሳቡን ትታችሁ በላዩ መታ መታ ማድረግ ወይም በአየር ማራገቢያ ማድረቅ ይሻላል።

ማይክሮፋይበር ከጥጥ ልብስ ጋር አይታጠብም፤ ብናኙን ይሰበስባል። እስከ 40 ዲግሪ በሆነ ውሃ በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፤ ማለስለሻ የክሩን ውሃ የመምጠጥ አቅም ስለሚዘጋ አትጨምሩ፤ በከፍተኛ ሙቀትም አታድርቁት፣ ክሩ ቀልጦ ይደርቃል። መሬት የነካ ፎጣ ዳግም ሳይታጠብ ቀለም አይነካም። የጠነከረው ወደ ቸርኬ ሥራ ይዛወር። ከአዲስ ፎጣ ጠርዝ ላይም የተሰፋውን የመለያ ጨርቅ አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ለስላሳ ክሊር ላይ እሱም ይጭራል።