ኮሌጅ የገባ ልጅዎን ታክስዎ ላይ እንዴት ያስገባሉ?

አንድ ዓመት ታክሳችንን በኮምፒውተር ልከን ገና ቡናው ሳይፈላ ተመለሰብን። ለካ ልጃችን ከዶርሟ ሆና በስልኳ የራሷን ቀድማ ልካለች። ካፌ ስትሠራ የተቆረጠባት ታክስ እንዲመለስላት ነው። መላኳ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቷ «ሌላ ሰው ዲፔንደንት (በእሱ ታክስ ላይ የሚገባ ጥገኛ) ብሎ ሊያስገባኝ ይችላል» የምትለዋን ሣጥን ምልክት ሳታደርግባት ማለፏ ነው።

ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ልጅ ኮሌጅ ያለው ሰው ታክስ ከመሥራቱ በፊት ለልጁ ይደውልና ሣጥኗን ያስታውሰው።

ቀጥሎ ዕድሜውን ይዩ። ልጁ በዓመቱ መጨረሻ፣ ዲሴምበር 31 ላይ፣ 24 ያልሞላው መሆን አለበት። በዚያ ዓመት ቢያንስ በ5 ወራት ውስጥ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆንም አለበት። ወራቱ መከታተል የለባቸውም። ሜይ ላይ የተመረቀ ልጅ ከጃንዋሪ ጀምሮ ከተማረ አምስቱን ሞልቷል። ዶርም ማደሩም አያስጨንቅዎ፤ ለትምህርት የሄደ ልጅ እቤትዎ እንዳለ ይቆጠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወጪው ላይ ነው። ጥያቄው «እርስዎ ግማሹን ከፍለዋል ወይ?» አይደለም። «ልጁ ከግማሽ በላይ ራሱን ችሏል ወይ?» ነው። ስኮላርሺፑን ከሂሳቡ ያውጡት። የቀረው የዓመት ወጪ 20,000 ዶላር ቢሆንና ልጁ ከደመወዙና በራሱ ስም ከወሰደው ብድር 9,000 ቢከፍል፣ ያስገቡታል። 11,000 ከከፈለ ግን አይሆንም። ሠርቶ ባንክ ያስቀመጠው አይቆጠርበትም፤ የሚቆጠረው ለኑሮው ያወጣው ብቻ ነው።

ጥቅሙስ? ለልጁ እስከ 500 ዶላር ክሬዲት፣ ማለትም ከታክስዎ ላይ የሚቀነስልዎ ገንዘብ፣ አለ። ትልቁ ግን የትምህርት ክሬዲቱ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አራት የኮሌጅ ዓመታት በየዓመቱ እስከ 2,500 ዶላር ይሰጣል። ለሙሉው 4,000 ዶላር የትምህርት ክፍያና መጽሐፍ ይበቃል። የዶርምና የምግብ ግን አይገባም። ገቢዎ ለብቻዎ ከ80,000፣ ከባለቤትዎ ጋር አብራችሁ ስትሞሉ ከ160,000 ካለፈ እየቀነሰ ይሄዳል። ለዚህ 1098-ቲ የሚባል፣ ኮሌጁ ስለ ትምህርት ክፍያው የሚያወጣው ወረቀት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ልጁ በሚገባበት የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ስለሆነ እሱ አውርዶ ይላክልዎ። ከዚያ ስሙንና የሶሻል ቁጥሩን ዲፔንደንት የሚለው ቦታ ያስገቡ፣ የትምህርት ክሬዲቱ የሚጠየቅበትን ፎርም 8863ንም ይሙሉ።

አብራችሁ የሚኖሩና ከእርስዎ በዕድሜ የሚያንሱ እህት፣ ወንድም ወይም የእህት ልጅም በዚሁ መንገድ ሊገቡ ይችላሉ። የአክስት ልጅ ግን በዚህ በር አትገባም። እኛ ዘንድ እህት ናት፤ የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ ዘንድ፣ አይደለችም። ዜግነትም ግሪን ካርድም ሳይኖረው አዲስ አበባ የሚማር ልጅም፣ የእርስዎ ቢሆንም፣ አይገባም።

እኛ የራሳችንን አትመን በፖስታ ላክን፣ ልጃችን ደግሞ የተላከ ታክስ በሚታረምበት ፎርም፣ በ1040-ኤክስ፣ አስተካከለች። ሪፈንዴ፣ የሚመለስልኝ ገንዘብ፣ ሊቀርብኝ ነው ብላ አኩርፋ ነበር። በእኛ መግባቷ ለእንደሷ ዓይነቱ ትንሽ ደመወዝ ለውጥ አያመጣም፤ የተቆረጠባት ሳንቲም ሳይጎድል የሷ ሆኖ ቀረ።